ፀጉር ያሳለውን ልጅ ፍለጋ

የዓመት ፈቃዴን የት እንዳሳለፍኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ጊንጪ» እላለሁ። ጠያቂው ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ውይ፣ ዘመድ ሞቶብሽ ነው?» ይለኛል። ባልደረቦቼ ሐዋሳ ሄደው ዓሣ በልተውና ፎቶ ተነስተው ሲመለሱ፣ እኔ በአራት ቀን ውስጥ የተሳሳተ ከተማ ሄጄ፣ ጥርሴን በአምቦ ውሃ ፍቄ፣ ከበቅሎ ወድቄ ተመልሻለሁ። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ሁሉ፣ ባላችሁበት ተቀምጣችሁ እንድታዩት እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ፓቶሎጂስት ነኝ። ማለትም ሐኪም ነኝ፤ በሽተኛ ግን አላይም። ከሰው ተቆርጦ የወጣ ሥጋ በብልቃጥ ይመጣልኛል፤ በስሱ አስቆርጬ፣ ቀለም አስነክሬ፣ በማይክሮስኮፕ አይቼ ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ብልቃጥ ቅሬታ አቅርቦብኝ አያውቅም።

ያን ሰሞን ከደረት ቀዶ ጥገና አንድ ብልቃጥ መጣ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ስሙ ገመቹ፤ የአባቱ ስም «ቱ» ብሎ ጀምሮ ማኅተሙ ሥር ጠፍቷል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቴራቶማ የሚባል እጢ ነበር። ሰው በእናቱ ማህፀን ሲሠራ፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሳት አሉ። ጥቂቶቹ መንገድ ይስቱና ደረት ወይም ሆድ ውስጥ ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ ብድግ ብለው በራሳቸው ፈቃድ ሰው መሥራት ይጀምራሉ፤ ፀጉር ያበቅላሉ፣ ስብ ያጠራቅማሉ፣ ጥርስ የሚያወጡም አሉ። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የሌለው ግንባታ በሉት። በልጆችና በወጣቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ ተቆርጦ ይወጣል፣ ነገሩም ያበቃል። አልፎ አልፎ ግን እዚያው እጢ ውስጥ ካለው አንዱ ክፍል ወደ ካንሰር ይለወጣል። የገመቹ እጢ ከፀጉሩና ከስቡ ጎን፣ አንዲት ጥግ ላይ፣ ጡንቻ ለመሆን የጀመሩ ሕዋሳት ነበሩት። ጡንቻነቱን ትተው ካንሰር ሆነዋል። ሦስት ጊዜ አየሁት። ለባልደረባዬም አሳየሁት። እሱም ዝም አለ፤ በእኛ ሙያ ዝም ማለት መስማማት ነው።

ውጤቱን ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ብጠይቅ ወረቀቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ልጁ ቁስሉ ሲጠግግለት አገሩ ገብቷል፤ የሰጠው ስልክም አይሠራም። «ተመልሶ ይመጣል» አሉኝ። ወጥቶልሃል ተብሎ በደስታ የሄደ ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ደብዳቤ ይጻፍለት ተባለ። ደብዳቤው በየትኛው ክፍል ፊርማ እንደሚወጣ ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ፤ ስብሰባው ሰው ስላልሞላ ተላለፈ። ባልደረባዬ «አንቺ ፓቶሎጂስት ነሽ እንጂ መርማሪ ፖሊስ አይደለሽም» አለኝ። የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩበት።

ማክሰኞ

ከአስኮ የተነሳው ሚኒባስ «አንድ ሰው ብቻ!» እየተባለለት ሌላ አምስት ሰው ጨመረ። የደረሰኝ ቦታ ሞተሩ ላይ ነበር፤ ሆለታ ስንደርስ ግማሽ ጎኔ በስሏል። ከተማዬ ውስጥ ቢሆን ሾፌሩን ሳልሰድብ አልወርድም ነበር። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ግን እጃቸውን እንደ ምድጃ ሞተሩ ላይ ዘርግተው «በዚህ ብርድ ጥሩ ቦታ ነው የሰጡን» አሉኝ። ስድቤን ዋጥኩት።

ጊንጪ ወረድኩ። ከብልቃጡ ጋር በመጣው ቅጽ ላይ አድራሻ በሚለው ቦታ «ምዕ/ሸዋ ጊንጪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቢያንስ እኔ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። መንገዱ ዳር ጤፍ የጫነ ጋሪ ተሰልፏል። እኛ አዲስ አበቤዎች ጤፍን የምናውቃት በኪሎና በእሮሮ ነው፤ በጆንያ ተከምራ ሳያት እንደ ታዋቂ ሰው አፈጠጥኩባት።

ጤና ጣቢያ ገብቼ ገመቹ የሚባል ደረቱን የታመመ ሰው እንደምፈልግ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ነገርኳት። «ገመቹ? ስንቱን ላምጣልዎት?» አለችኝ። አሰብ አድርጋ ግን «ኦቦ ገመቹ ቱሉ፣ እህል ነጋዴው! ደረቱን አሞት አዲስ አበባ ሄዶ ነበር» አለች። «ቱ» የሚለውም ገጠመ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹ ቱሉ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቦርጫቸው ከሳቸው ቀድሞ ሰላም የሚል ሰው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳልሆናቸው ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ሰው ፊት ንግግር ከጀመርኩ ማቆም አልችልምና ስለ እጢው፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ቀዶ ጥገናው፣ ካንሰር ከሚለው ቃል በቀር ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰውየው ታግሰው ሰሙኝና ገበያተኛው ሁሉ እያየ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ገለቡት።

«ይዩት ዶክተር! አንድ ስፌት ካለ ይቁጠሩ። እኔን ያመመኝ ጨጓራ ነው፤ እሱንም ያመጣችብኝ ሚስቴ ናት።»

ሚስታቸው ከውስጥ በኦሮምኛ የመለሱት ነገር መጋዘኑን በሳቅ አናጋው። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቼ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ከ«አካም» አላለፍኩም፤ ፈረንሳይኛ ግን ሁለት ዓመት ከፍዬ ተምሬያለሁ፣ ፓሪስ ስሄድ ይጠቅመኛል ብዬ። ፓሪስ አልሄድኩም።

ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስል ኦቦ ገመቹ ክንዴን ያዙኝ። «ወዴት? የታመመው ሞክሼዬ እኮ ነው! ሞክሼዬ ሳይገኝ እርስዎ ከጊንጪ አይወጡም።» አልወጣሁም። ምሳ ተብሎ ጥብስ ቀረበ፤ ከጥብሱ ጋር ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገር ምድሩን ጠየቁ። አንድ ገመቹ ጭልሞ ደን ችግኝ ጣቢያ እንደሚሠራ ተገኘ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። በፒክአፓቸው ይዘውኝ ሄዱ። ያ ገመቹ ወረቀት የያዘች ዶክተር ስትመጣበት ሲያይ ምን እንደመሰለው እሱ ያውቃል፣ ዛፎቹ መሃል ገብቶ ጠፋ። እኔ የቆረጥኩት ሥጋ ሮጦብኝ ስለማያውቅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን፣ ኦቦ ገመቹ እየጮሁ አባብለውት ወጣ። እሱም ደረቱን አሳየን። እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።

ጊንጪ ተመልሰን ሻይ ስንጠጣ፣ ኦቦ ገመቹ «እስቲ ያቺን ወረቀት» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ዶክተር፣ ሥራ የሚለው ላይ ምን ይላል?»

«የቱ ጋ?» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያንን መስመር አንብቤው አላውቅም። እኔ የማነበው «የናሙናው ዓይነት» ከሚለው ጀምሮ ነው።

«ጀልባ ቀዛፊ ይላል። ጊንጪ ላይ ጀልባ የሚቀዘፈው በምን ላይ ነው? በጤፍ ላይ?»

ጊንጪ ሳይሆን ወንጪ ነው። ጸሐፊው ሲሰማ ተሳስቷል፤ እኔ ደግሞ የተማርኩ ስለሆንኩ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ

ኦቦ ገመቹ ቤት አደርኩ። ሚስታቸው ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ ካላጠብኩ ብለው ሙግት ገጥመውኝ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም፣ እዚህ አንድ ቀን ያወቁኝ ሰው እግሬን ሊያጥቡ ይታገላሉ። ጠዋት ጤፍ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው አምቦ ላኩኝ። ወደ ወንጪ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው።

አምቦ ስሟ ከውሃ ጋር የተጋባ ከተማ ናት። ያረፍኩበት ሆቴል ቧንቧ ግን ይህን አልሰማም። የሆቴሉ እመቤት አዝነው ስድስት ጠርሙስ አምቦ ውሃ አመጡልኝና «በዚህ ይጣጠቡ» አሉኝ። ጥርሴን ስፍቅ የሳሙናው አረፋና የውሃው ጋዝ ተጋግዘው አፌን ሞልተው በአፍንጫዬ ወጡ። ፀጉሬን ስታጠብ አናቴ ላይ ሲፈላ ይሰማኛል። አዲስ አበባም ውሃ ይጠፋል፤ እንዲህ ባለ ክብር ግን አይጠፋም።

ከቅጹ ጋር የተያያዘው የሪፈር ወረቀት እዚያው አምቦ ካለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ የተጻፈ ነበር። ሄጄ የፈረመችውን ነርስ ጠየቅኩ፤ ሲስተር ወርቅነሽ ትባላለች። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ከቀራቸው፣ ሲናገሩ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳያስታውቁ ከሚሻገሩ የከተማው ሰዎች አንዷ ናት። የገመቹን ስም ስጠራ ወንበር ሳበችልኝ።

«ፀጉር የሚያስለው ልጅ!» አለች። «በክብሪት ቀፎ ይዞት መጣ። ሲስተር፣ ይህን አሳልኩት ብሎ ከፈተልኝ። ረጅም፣ ጥቁር ፀጉር ከስብ ጋር። ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲውጥ ኖሯል። ሰፈሩ ደግሞ ድግምት ነው ብሎ ጨርሷል፤ የሴት ፀጉር አብልተውት ነው ይላሉ።»

«እጢው የአየር ቧንቧውን በስቶ ነዋ ፀጉሩ የወጣው» አልኳት።

«ኋላ ገባኝ። ያኔ ግን እኔም አማትቤያለሁ፤ ምን ልዋሽሽ።»

ውጤቱን አሳየኋት። እንግሊዝኛውን ቀስ ብላ አነበበች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ፤ ዓይኗ ግን እኔን አላየም። «እናቱ አማርኛ አትሰማም» አለች። «አንቺ ኦሮምኛ ትችያለሽ?»

«አካም።»

«ነገ እረፍቴ ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሐሙስ

የወንጪ መንገድ ሽቅብ ነው፤ ከላይ እስኪደርስ ድረስ ከአምቦ የተሳፈርንበት ፒክአፕ ሁለት ጊዜ ቆመ። አንዴ ሞተሩ ስለጋለ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሾፌሩ አጎቱን ስላየ። ሁለተኛው ረዘመ። በቤቶቹ ዙሪያ እንሰት ቆሟል፤ እኔ ግን የማስበው የምነግረውን ነገር ነው። ሃያ ዓመት ካንሰር የሚለውን ቃል ጽፌያለሁ። አንድ ቀን ለሰው አፍ አውጥቼ ነግሬ አላውቅም።

ከጠርዙ ሐይቁ ይታያል። ሁሉም ሰው ውብ ነው ይላል፤ ውብ ነው። ከዚያ በላይ ልጽፍ አልችልም፤ ቁልቁለቱን በበቅሎ የወረድኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነውና። መጨፈኔ በቅሎዋን ቅር አሰኛት መሰለኝ መታጠፊያው ላይ ጭቃ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ከኋላ ይመጡ የነበሩ አንዲት ሴት ሸክማቸውን አውርደው አነሱኝ፤ ቀሚሴን በነጠላቸው ጠረጉልኝ፤ በኦሮምኛም ብዙ ነገር አሉኝ። ሲስተር ወርቅነሽ «በቅሎዋን እየተሳደቡልሽ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ።

ገመቹን ሐይቁ ዳር አገኘነው። ረጅም ነው፤ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። የታመመ ሰው አይመስልም፤ ይህ አስደነገጠኝ። ስልኩን ሐይቁ ውስጥ እንደጣለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነገረን። ሲስተርን ሲያይ አቀፋት፤ እኔን ጎብኚ መስዬው «ጀልባ ይፈልጋሉ?» አለኝ። ሌሎቹ ቀዛፊዎች ከብበውናል። ሲስተር በጆሮዬ «እዚህ አትንገሪው» አለችኝ። ስለዚህ ውሃ የምፈራው ሴትዮ ጀልባ ላይ ወጣሁ።

መሃል ስንደርስ «ዋና ይችላሉ?» አለኝ።

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም» ብሎ ሳቀ።

«ገመቹ» አልኩት፣ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ። «እኔ ጎብኚ አይደለሁም። ከደረትህ የወጣውን እጢ የመረመርኩት ሐኪም ነኝ።»

መቅዘፊያው ቆመ።

«ፀጉሩን አዩት?»

«አየሁት።»

«አስጠላዎት?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «አላስጠላኝም» አልኩት። «ድግምትም አይደለም፤ ማንም ምንም አላበላህም። አንተ በእናትህ ሆድ ስትሠራ መንገድ የሳተ ነገር ነው። ካንተ ጋር ነው የተወለደው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቀው ነገረኝ። መጀመሪያ ያሳለው እዚሁ ጀልባ ላይ፣ ሰው ጭኖ ነበር። መዳፉ ላይ ፀጉር ሲያዩ ሴቶቹ ጮኹ። ከዚያ በኋላ ለወራት ጀልባው ላይ የሚወጣ ሰው ጠፋ፤ ተራው ሲደርስ ቀጣዩን ይጠሩ ነበር። «አሁን ነው ሰው የተመለሰልኝ፤ ገና አሁን» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። እጢው ወጥቷል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ካንሰር ነበረበት፤ የቀረ ነገር ካለ ቶሎ መታየትና መታከም አለበት። ቃሉን ስጠራው ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ጀልባዋ በራሷ ቀስ ብላ ዞረች።

«አሁን እኮ ምንም አያመኝም።»

«ሲያምህ እንመጣለን ካልን ይረፍድብናል።»

መቅዘፊያውን አነሳ። ወደ ዳር ሳይሆን ራቅ ወዳለው ጎን ቀዘፈ፤ ሐይቁን ሙሉ አዞረኝ። እኔም መስጠሜን መፍራት ረሳሁ። ዳር ልንደርስ ስንል «ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት» አለኝ። «እኔ አልችልም።»

እናቱ አዴ ጫልቱ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭንና ቀጥ ያለች ሴት ናት። ነገሩን ሳትሰማ መጀመሪያ ቆጮ ከአይብና ከማር ጋር አቀረበች። ሲስተር ወርቅነሽ እየተረጎመች ስነግራት እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ከዚያ የተናገረችውን ሲስተር እንዳለ ነገረችኝ፦

«ደረቱን የከፈቱት ሐኪሞች ወጥቷል አሉኝ። አንቺ ቀርቶ ይሆናል ትያለሽ። ማናችሁ ናችሁ ሐኪሙ?»

«ሁለታችንም ነን። እነሱ አወጡት። እኔ ያወጡት ምን እንደሆነ አየሁ። ስንነግርሽ ግን ዘገየን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።»

«ከሄደ ይድናል?»

እኛ ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብን የምንጽፋት አረፍተ ነገር አለችን፦ ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ ይታይ። ማንንም የማታስጠይቅ፣ ማንንም የማትጠቅም። ልጠቀምባት አፌ ድረስ መጣች። ሕመምተኛው በሩ ላይ ቆሟል።

«አላውቅም» አልኳት። «እዚህ ከቀረ ግን የሚሆነውን አውቃለሁ።»

ሲስተር ወርቅነሽ ስትተረጉመው አዴ ጫልቱ ተነስታ ወጣች። ደህና፣ አባረርናት አልኩ በልቤ። ተመልሳ የመጣችው ተጨማሪ ማር ይዛ ነው። ሳህኔ ላይ ጨመረችና በእጇ ምልክት አሳየችኝ፤ ብዪ ማለቷ ነው። በላሁ። ስለ ልጇ ግን አንድም ነገር ሳትል ዋለች፤ መኝታ አንጥፋልን እዚያው አደርን።

ዓርብ

ስነቃ ገመቹ ቤት ውስጥ የለም። አልጋው ተነጥፏል። ማክሰኞ ጭልሞ ያየሁት ሩጫ ትዝ አለኝ፤ ይህኛው ደግሞ ደን ብቻ ሳይሆን ሐይቅም አለው። ከሲስተር ጋር ጤዛውን እየረገጥን ወረድን፤ ሁለታችንም የምንፈራውን አንናገርም።

ዳር ላይ ጀልባውን ገልብጦ፣ ጓደኛውን አጠገቡ አቁሞ ያሳየዋል። «እዚህ ጋ ውሃ ታስገባለች፤ በየቀኑ ካላየሃት ሰው ይዘህ ትሰጥማለህ» ይለዋል በኦሮምኛ፤ ሲስተር ናት የተረጎመችልኝ። ጀልባውን እያስረከበ ነው። እኛን ሲያይ «እናቴ ልብሷን እየለበሰች ነው» አለ። «ብቻህን አትሄድም ብላለች።»

ሲስተር ወርቅነሽ አምቦ ቀረች። መንገድ ላይ ለኦቦ ገመቹ ደውዬ ሞክሼያቸው መገኘቱን ነግሬያቸው ነበር። ጊንጪ ስንደርስ ሚኒባሳችንን መሃል መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙት። ሾፌሩ ተቆጣ፤ እሳቸውም ተቆጡ፤ የሳቸው ቁጣ ከበደ። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የልጁን እጅ ያዙና «ሞክሼ፣ አንተን ፍለጋ ገበያ መሃል ራቁቴን ቆሜያለሁ። ሳትድን ብትመለስ አንተያይም» አሉት። ልጁ ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቅም፤ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ግማሽ ጆንያ ጤፍ እግራችን ሥር ተወረወረ።

አዲስ አበባ ስንገባ አዴ ጫልቱ ፎቁንና መኪናውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ይህ ሁሉ ሰው የትኛውን ውሃ እያየ ነው የሚውለው?» ብላ ጠየቀች፤ ልጇ ተረጎመልኝ። እቤቴ ወስጄ አስተኛኋቸው።

የሆነው ይህ ነው። በምርመራው ልቡ ሽፋን አጠገብ የተረፈች ነገር ተገኘች። መድኃኒት በደም ሥሩ ለወራት ወሰደ፣ ሁለተኛ ጊዜም ደረቱ ተከፈተ። ከባድ ነበር፤ ክብደቱ አልቆ እናቱ በአንድ ክንዷ የምትደግፈው ቀን ነበር። የራሱ ፀጉር ሲረግፍ «ዶክተር፣ ያኔ የማይገባው ቦታ በቀለ፣ አሁን ከሚገባው ቦታ ሄደ» አለኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ እሱ ሳቀ። አብረውት የተኙ፣ እንደሱው መድኃኒት ያላጓደሉ፣ ግን ያልተረፉ ልጆች ነበሩ፤ ለምን እሱ እንደሆነ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ሐኪምም አላገኘሁም።

አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። በየጥቂት ወሩ ለክትትል ይመጣል፤ ቀጠሮ አሳልፎ አያውቅም። ባለፈው የመጣ ጊዜ የሲቲ ስካን ፊልሙን እንደያዘ በቀጥታ ቢሮዬ ገባ። «ይህን የማነበው እኔ አይደለሁም፤ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጋ ሂድ» አልኩት።

«እሱማ አይቶታል፤ ምንም የለም ብሏል። እርስዎ ካላዩት ግን እናቴ አታምንም።»

ሙያዬ አይደለም፤ ቢሆንም ፊልሙን ተቀብዬ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ጎን ለጎን ቆመን፣ እሱ ከእኔ በላይ አጎንብሶ፣ እያንዳንዷን ጥግ ፈለግን። ምንም አላገኘንም። እንደገና ፈለግን። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የምከፈለው አንድ ነገር ለማግኘት ነበር፤ ባዶ ነገር እንዲህ ደስ ብሎኝ ረጅም ሰዓት አይቼ አላውቅም።